ልካችሁን ላኩልኝ

እግሬ አርባ ሦስት ቁጥር ነው። መጀመሪያ ይህን ልናገርና ይውጣልኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ቀድመውኝ ሲናገሩት የኖሩት ሌሎች ናቸውና። ትምህርት ቤት «ታንኳ» ይሉኝ ነበር። ጫማ ቤት ስገባ ደግሞ ሻጩ መጀመሪያ እግሬን ያያል፣ ቀጥሎ ጓደኛውን ያያል፣ ከዚያ «ለሴት ያለን እስከ አርባ ነው» ይለኛል። ያቺን ጓደኛውን የሚያይባትን ዓይን ስንት ዓመት ተሸክሜያታለሁ። «ሰው በእግሬ ቢስቅ ግድ የለኝም» የሚሉ ረጃጅም ሴቶች አውቃለሁ። አላምናቸውም።

ያኔ ጉርድ ሾላ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ለዓመታት የወንድ ሸራ ጫማ አድርጌ ነው የሠራሁት። አዲስ አለቃ መጣና ሴቶች በሸራ ጫማ እንዳይገቡ አዘዘ። ደመወዝ በወጣበት ቀን ቦሌ መንገድ ላይ ካለ አንድ ትልቅ ሱቅ ገባሁና ጥቁር ሽፍን ጫማ ለካሁ። አርባ ሁለት ነበር፤ ጣቶቼ ተደራርበው ገቡ።

«ጠበበኝ» አልኩት ሻጩን።

«ቆዳ ነው፣ እህቴ። ሁለት ቀን ስታደርጊው ይሰፋል።»

«ካልሰፋስ?»

«ካልሰፋ እኔ አለሁ» አለና ደረቱን መታ።

በማግስቱ ከታክሲ ወርጄ መሥሪያ ቤት እስክደርስ ተረከዜ ተላጠ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ የአውራ ጣቴ ጥፍር ደም ቋጠረ። ከጎኔ የምትቀመጠው የሒሳብ ክፍል ባልደረባዬ እግሯ አርባ ሁለት ስለሆነ ችግሬ ይገባታል፤ ከጠረጴዛዋ ሥር የምታስቀምጠውን ክፍት ጫማ አዋሰችኝ። አስፈቅጄ ወጣሁ። አዲሱን ጫማ ጠርጌ፣ ካርቶኑ ውስጥ መልሼ፣ ደረሰኙን ይዤ ወደ ቦሌ ተመለስኩ።

ሻጩ ካርቶኑን እንኳ አልከፈተውም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቱ አሳየኝ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል።

«እህቴ፣ ማንበብ ትችያለሽ አይደል?»

«ትናንት ካልሰፋ እኔ አለሁ አላልከኝም?»

«አለሁኮ። ይኸው፣ አለሁ።»

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሳቁ። ቆሽቴ አረረ። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ «ለሚስትህ አድርግላት!» ብዬው ወጣሁ። ሞኝነት ነበር፤ ገንዘቤም ጫማውም እዚያው ቀሩ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ግን የሚያንገበግበኝ የጫማው ዋጋ አልነበረም። ሰዎቹን ያሳቃቸው ምን እንደሆነ እየገባኝ መጣ። የሳቁት በእግሬ አልነበረም። የሳቁት ሻጭ የተናገረውን በማመኔ ነበር። ማመን እዚህ ከተማ ውስጥ እንደ ትልቅ እግር የሚያስቅ ነገር ሆኗል።

መሥሪያ ቤት ስመለስ ባልደረባዬ ፊቴን አይታ ሻይ አዘዘችልኝ። የሆነውን ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ «የአክስቴ ልጅ ቱርክ እየተመላለሰች ልብስ ታመጣለች» አለችኝ። «እዚያ የሴት ጫማ እስከ አርባ አራት አለ አሉ። ለኛ ቢጤዎች ለምን አናመጣም?»

ሌላው ሰው ንግድ የሚጀምረው ትርፍ አስቦ ነው። እኔ የጀመርኩት ያንን ሰውዬ ለማሳፈር ነው። ሰውዬው እስከ ዛሬ አልሰማም፤ ቢሰማም አያፍርም።

ሁለታችንም የቆጠብነውን አዋጣንና የመጀመሪያው ሻንጣ መጣ። ስልኬ ላይ ቻናል ከፈትኩ። ንዴቴ ስላልበረደ የጻፍኩት ማስታወቂያ እንዲህ የሚል ነበር፦ «እግራችሁ ከአርባ አንድ በላይ የሆነ ሴቶች፣ ጫማ አምጥተናል። ቀብድ አንጠይቅም። ቤታችሁ ድረስ እናመጣለን፣ ለኩት። ሦስት ቀን አቆዩት። ካልተመቻችሁ እንወስደዋለን፣ የከፈላችሁትን በሙሉ እንመልሳለን። ለምን መለሳችሁ ብለን አንጠይቅም።»

ባልደረባዬ አነበበችውና ስልኩን ከእጄ ቀማችኝ።

«አብደሻል? ይሄ አዲስ አበባ ነው!»

«እኔስ የአዲስ አበባ ሰው አይደለሁም? ጫማ ሰርቄ አውቃለሁ?»

«አንቺ አልሰረቅሽም። ሌላዋ ታደርገዋለች። ትጨፍርበትና ጠበበኝ ብላ ትመልስልሻለች።»

«ትመልስ።»

ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። እልህ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ማንም አልገዛም። የሚጽፉልን ሁሉ ይጠረጥሩን ነበር። «እውነት ቀብድ የለውም?» «ከዚያስ ምን ልታደርጉን ነው?» አንዷማ «የሰው ኩላሊት ነው እንዴ የምትሸጡት?» ብላ ጠየቀች። ሌላው ችግር ደግሞ ብዙዎቹ የራሳቸውን ቁጥር አለማወቃቸው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወይ የጠበበ ወይ የወንድ ሲያደርጉ ኖረው፣ የእግራቸው ልክ ስንት እንደሆነ የነገራቸው ሰው የለም። ስለዚህ «ልካችሁን ላኩልኝ» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀት ላይ ቁሙ፣ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሩ፣ ከዚያ ወረቀቱንም እግራችሁንም ፎቶ አንስታችሁ ላኩ፤ የትኛው አጥንት እንደሚነካችሁ እንዳይ።

ፎቶው መምጣት ጀመረ። እኔ ቁጥር ነበር የጠበቅኩት፤ የመጣው ሌላ ነገር ነው። የተጣመመ አውራ ጣት፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ፣ ያበጠ ቁርጭምጭሚት፣ ጠባብ ጫማ ሲጫነው ኖሮ አንዱ በሌላው ላይ የወጣ ጣት። ከፎቶው ሥር ደግሞ ድምፅ ይልካሉ። አንዲት ነርስ «ባሌ እንኳ ይህን እግሬን በመብራት አይቶት አያውቅም፤ ካልሲ አድርጌ ነው የምተኛው» አለችኝ። ድምፅዋን ሰምቼ ስልኩን አስቀመጥኩ። ቀኑን ሙሉ የሰው ቁስል የምታጥብ ሴት የራሷን እግር ትደብቃለች! ማን ነው እንዲህ ያሳፈራት? ያን ዕለት ንዴቴ ከአንድ ሻጭ አልፎ የትየለሌ ሆነ።

ለእያንዳንዷ በድምፅ መለስኩ። ሥራ ከወጣሁ በኋላ እስከ እራት ድረስ ሌላ ሥራ አልነበረኝም። የማይሆናትን ጫማ ብትመርጥ «ይሄ ሰፊ እግር አይወድም፣ ተይው» እላታለሁ። ያላት ጫማ ትንሽ ብቻ የሚጠብ ከሆነ ሾላ ገበያ አጠገብ ጫማ በፎርማ ወጥሮ የሚያሰፋ ጎበዝ ጫማ ሰፊ ስለማውቅ ወደ እሱ እልካታለሁ። እኛ ጋ የሌለውን ሌላ ቻናል ላይ ካየሁት እዚያ ሂጂ እላታለሁ። ባልደረባዬ ይህን ስታይ ትንጨረጨር ነበር።

«ደንበኛችንን ለሰው ትሰጫለሽ?»

«የለንም እኮ የምትፈልገው። ውሸት ልሽጥላት?»

«ዝም በይ ነው የምልሽ! ዝም ማለት ውሸት አይደለም።»

አንድ ቀን አንዲት መምህርት ፎቶ ላኩ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ቀስ ብለው የሚናገሩ። ትንሿ ጣታቸው ጠቁራለች። ስኳር እንዳለባቸው ጠይቄ አወቅኩ። «እናቴ፣ ለእርስዎ ጫማ አልሸጥም» አልኳቸው። «ነገ ጠዋት መጀመሪያ ሐኪም ጋ ይሂዱ።» ተቆጡኝ። «ገንዘቤን አትፈልጊም?» አሉኝ። እኔም ተቆጣሁ። «የምፈልገው ጣትዎን ነው!» ብዬ ጮህኩባቸው፤ ከዚያ አፍሬ ይቅርታ ጠየቅኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወሉ። ሐኪሙ ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ ጣታቸው ይቆረጥ ነበር እንዳላቸው ነገሩኝ። የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ያሉ መምህራን ሁሉ ስለኔ ሰሙ። እነሱ ለእህቶቻቸው ተናገሩ፣ እህቶቻቸው ለጎረቤት። ወሬው ያመጣልንን ሰው ምንም ዓይነት ማስታወቂያ አያመጣውም ነበር።

ጎሮ አካባቢ ያሉ አንዲት የሰባ ዓመት እማማ ደግሞ ነበሩ። ድሮ ሰፈሩ ገና እርሻ ሳለ ጀምሮ እዚያው የኖሩ ናቸው። የእግራቸውን ፎቶ ልካ የጻፈችልኝ ልጃቸው ናት፤ ጫማውን ይዤ ራሴ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት በሟች ባላቸው ጫማ ነበር። ቡናማውን አርባ ሁለት አደረግኩላቸው። ግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሄዱ፣ ቆሙ፣ እግራቸውን አዩ። «ገለቶሚ፣ ልጄ» ብለው በኦሮምኛ አመሰገኑኝና እጄን ያዙ። «ቅዳሴ ላይ እግሬን ቀሚሴ ሥር ስደብቅ ነው የኖርኩት፤ አምላክ ራሱ የሠራውን።» ከእሳቸው ቤት የወጣሁት ደስ ብሎኝ ሳይሆን ጥርሴን ነክሼ ነው። ሰባ ዓመት! አንድ ሰው ለአንዲት ሴት የእግሯን ልክ የሚሆን ጫማ ለማምጣት ሰባ ዓመት ይፈጃል?

ዓመት ሳይሞላ ሥራዬን ለቀቅኩ። ባልደረባዬም ተከተለችኝ። ገርጂ አንድ ጠባብ ክፍል ተከራይተን ካርቶን በካርቶን አደረግነው። ሰው እኛን ሲያምን አየን፤ ሳያዩን የሚከፍሉ፣ «አንቺ ካልሽ ምረጪልኝ» የሚሉ፣ ከክፍለ ሀገር በእህታቸው በኩል የሚያስገዙ መጡ። ይህ ሁሉ ሲሆን ወሎ ሰፈር ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የኦንላይን ንግድ ሥልጠና የሚሰጥ ሰው ሰምቶ ጋበዘኝ። ቀይ ከረባት አድርጎ «መጀመሪያ ስጡ! የሰጠ አይጎድልበትም!» እያለ ከመድረኩ ዳር እስከ ዳር የሚመላለስ ሰው ነው። ማይክ ሰጠኝ። «ሰውን እመኑ፣ ሰው ያምናችኋል» አልኩ። ስለ መምህርቷ ጣት፣ ስለ ጎሮዋ እማማ ነገርኳቸው። አዳራሹ አጨበጨበ። አንዲት ልጅ አለቀሰች።

ስንወጣ ባልደረባዬ «የሚመለሱትን ጫማዎች ለምን አልነገርሻቸውም?» አለችኝ።

ልክ ነበረች። በዚያ ወር ብቻ ሦስት ጫማ ሶሉ ተፋፍቆ ተመልሶልናል። ሦስቱንም ዝም ብዬ ተቀብዬ ካርቶን ሥር ቀብሬያቸዋለሁ። ለምን አልተናገርኩም? ጭብጨባው ስለጣፈጠኝ ነው። ስለ እምነት ሳወራ እያመንኩ አልነበረም፤ የተመለሱት ጫማዎች እያቃጠሉኝ ነበር። ያንን ቀን ሳስታውስ በማንም ሳይሆን በራሴ ነው የምናደደው።

በዚያው ሳምንት አንዲት የቦሌ ደንበኛ ወርቃማ ባለ ተረከዝ ጫማ አዘዘች። አርባ ሁለት። ዓርብ ወሰደች፣ ሰኞ «ጠበበኝ» ብላ መለሰች። ካርቶኑን ስከፍት ሶሉ ተፋፍቋል፣ ተረከዙ ላይ ሣርና ጭቃ ደርቋል፣ ጫፉ ላይ የሰው ጫማ የረገጠው ምልክት አለ። ባልደረባዬ ስልኳን አወጣችና የሴትየዋን ገጽ ከፍታ አሳየችኝ። ቅዳሜ ዕለት ሠርግ ላይ ናት። እስክስታ ስትመታ፣ ቀሚሷን በእጇ ሰብሰብ አድርጋ፣ ጫማችን እንደ ጸሐይ ያበራል። ጠበበኝ ያለችው እግር አየር ላይ ነው።

«ነግሬሽ ነበር» አለች ባልደረባዬ።

ያቺ «ነግሬሽ ነበር» ናት የጨረሰችኝ። የጫማውን ሶል ፎቶ አነሳሁ። የሠርጉን ፎቶ አጠገቡ አደረግኩ። ከላይ «ሌባ እወቁ» ብዬ፣ የሴትየዋን ሙሉ ስም፣ የምትኖርበትን ሰፈርና ስልክ ቁጥሯን ጽፌ ቻናላችን ላይ ለጠፍኩት።

አልዋሽም፤ ደስ አለኝ። «አበጀሽ!» «አንጀቴን አራስሽው!» የሚሉ መልእክቶች ዘነቡ። ሳቅ በሳቅ ሆነ። ያንን ሁሉ ወር የዋጥኩት ንዴት በአንድ ጊዜ ወጣልኝ። ባልደረባዬ ምሳ ጋበዘችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ነርሷ ጻፈችልኝ። «እህት፣ እንደምን አደርሽ። የላክሁልሽን የእግሬን ፎቶ በሙሉ አጥፊልኝ።»

ደወልኩላት። «ምነው? ከኔና ካንቺ መሃል ምን ተፈጠረ?»

«ምንም አልተፈጠረም።»

«ታዲያ?»

«ዛሬ የሷን አወጣሽ። ነገ ብንጣላ የኔን ታወጪዋለሽ።»

«አንቺ እኮ ሌባ አይደለሽም!»

«እሱን የምትወስኚው አንቺ ነሽ» አለችና ዘጋችው።

መጀመሪያ ያደረግኩት ምን ይመስላችኋል? በሷ ተናደድኩ። ያን ሁሉ ሰዓት አዳምጫት፣ በነጻ አማክሬያት፣ እንዲህ ትለኛለች? ረጅም የቁጣ መልእክት ጽፌ ላክሁላት። አነበበችውና አልመለሰችም። ከሰዓት በፊት ሁለት መምህራን ጻፉ፦ «የእኔንም።» ከዚያ አንዲት፣ ከዚያ ሌላ። የጎሮዋ እማማ ልጅ «እማዬ አታውቅም፣ አልነገርኳትም። ግን እባክሽ የሷንም አጥፊው» አለችኝ። ካርቶኖቹ መሃል ተቀምጬ ፎቶ ማጥፋት ጀመርኩ። አንድ በአንድ። የተጣመመው ጣት፣ የተሰነጠቀው ተረከዝ፣ ወረቀት ላይ በእርሳስ የተሰመረው። በዚያን ጊዜ ገባኝ። ሴቶቹ ያመኑኝ ጫማ ስለምመልስ አልነበረም። ያፈሩበትን ነገር ሰጥተውኝ፣ እኔ ጋ ተደብቆ ስለሚቆይ ነበር። እኔ ደግሞ የተናደድኩ ዕለት ሰውን አደባባይ የማሰጣ ሰው መሆኔን አሳየኋቸው። አንድ ፎቶ ለአንድ ቀን ለጥፌ የዓመት ተኩሉን እምነት ናድኩት።

ምሳ ሰዓት ላይ የወርቃማው ጫማ ሴትዮ ራሷ ደወለች። አልጮኸችም። «ከትናንት ጀምሮ ስልኬ አላረፈም» አለችኝ። «የማላውቃቸው ወንዶች እየደወሉ ይሰድቡኛል። አንዱን ልጄ ናት ያነሳችው። ስምንት ዓመቷ ነው።»

የለጠፍኩትን ወዲያው አጠፋሁት። ግን ሰው ፎቶ አንስቶት፣ ሌላ ቦታ ለጥፎት፣ ከእጄ ወጥቶ ነበር። በማግስቱ ወደ ቦሌ ሄድኩ። የምትኖርበት አፓርታማ በር ላይ ያለው ጥበቃ ደወለላት። በነጠላ ጫማ ወረደች። እንድገባ አልጠየቀችኝም፤ እዚያው በሩ ላይ ቆመን ተነጋገርን።

«አድርጌዋለሁ» አለች፣ ምንም ሳልጠይቃት። «የእህቴ ሠርግ ነበር። አድርጌው ጨፈርኩ።»

«ታዲያ ለምን ጠበበኝ አልሽ?»

«ለምን ብለን አንጠይቅም አላላችሁም? አሁን ለምን ትጠይቂኛለሽ?»

ደሜ ፈላ። ይቅርታ ልጠይቅ የመጣሁትን ረሳሁት። «እኔ እኮ አምኜሽ ነው!»

«አላመንሽኝም። ብታምኚኝ ደውለሽ ትጠይቂኝ ነበር። ደውለሽ ይህን ጫማ አድርገሽዋል ወይ ብትዪኝ፣ አፍሬ ገዛሁት እል ነበር። ስልኬን ለዓለም ከመስጠትሽ በፊት አንዴ እንኳ አንቺ አትደውዪበትም?»

 ይቅርታ ጠየቅኳት። ተጎትቶ ነው የወጣው፤ እሷም አውቃዋለች።

«ይቅርታሽን የሰደብሽኝ ቦታ ጻፊው» አለችኝና ገባች።

ልክ ነበረች። ሌባም ነበረች። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ መሆናቸው እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል። ክፉ ሰው የተናገረውን እውነት መዋጥ እንዴት ያንቃል! ደግሞ ክፉ ናት ማለት እችላለሁ? ጫማ አድርጋ የጨፈረች ሴት ናት። የባስኩት እኔ ነኝ ወይስ እሷ ናት ብዬ ስንት ጊዜ መዝኜዋለሁ፤ ሚዛኑ ሁልጊዜ ወደ እኔ ያጋድላል፣ እሱም ያናድደኛል።

ይቅርታውን ለመጻፍ ስቀመጥ ባልደረባዬ ከላዬ ቆመች።

«ለሌባ ይቅርታ? በኔ ጫማ?»

«ስልኳን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«እሰይ አወጣሽው! እሷ ናት ያዋረደችን። አሁን ይቅርታ ስትዪ ሌላዋም መጥታ ትጨፍርበታለች። ሰው እንዲያከብርሽ መጀመሪያ መፍራት አለበት።»

«ያቺ ነርስ ፈርታኛለች። አከበረችኝ?»

«እኔ እዚያ ጽሑፍ ሥር ስሜ እንዲኖር አልፈልግም» አለች። አልቀለደችም። ጻፍኩት። የሴትየዋን ስም ሳልጠራ፣ የሰው ስልክ ማውጣቴ ነውር እንደሆነ፣ የላኩልኝ ፎቶ እንዲጠፋ የሚፈልጉ ሁሉ ቢጠይቁኝ እንደማጠፋ፣ ከእንግዲህም ምንም ፎቶ ስልኬ ላይ እንደማላስቀምጥ ጻፍኩ። ባልደረባዬ በዚያው ሳምንት ዕቃውን እኩል አካፈለችና የራሷን ቻናል ከፈተች። ቀብድ ትቀበላለች፤ ዕቃ አትመልስም። እኔ የምትከስር መስሎኝ ነበር። አልከሰረችም። ዛሬ ከኔ ይልቅ እሷ ብዙ ትሸጣለች። እውነቱ ይሄ ነው፤ ጥርሴን ነክሼ እጽፈዋለሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ባለ ከረባቱ አሠልጣኝ እንደገና ደወለልኝ። የሆነውን ሰምቷል። «ለሰልጣኞቹ ግሩም ትምህርት ነው!» አለ። «መጥተሽ ንገሪያቸው። ብቻ መጨረሻውን አሳምሪው። ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ደንበኞቼ ሁሉ ተመለሱ፣ ሽያጬ በእጥፍ አደገ ብለሽ ዝጊው።»

«አልተመለሱም እኮ» አልኩት።

«ይመለሳሉ። አንቺ ብቻ ቀደም አድርገሽ ተናገሪው።»

«ነርሷ አልተመለሰችም። ማን ነው ያለህ ስትሰጥ ይጨመርልሃል ያለው? ስትሰጥ ትሰጣለህ፣ በቃ! የሚጨመረውን የሚያውቅ የለም።»

«እንደዚህ ከተናገርሽማ ሰው ተስፋ ይቆርጣል።»

ዘጋሁበት።  ያ ሰውዬ አዳራሽ ሙሉ ወጣት ሰብስቦ መስጠትን እንደ ዘር ይሸጥላቸዋል፤ ዛሬ ዝሩት ነገ ታጭዱታላችሁ ይላቸዋል። ነገ ሳያጭዱ ሲቀሩ ልክ እኔ እንዳደረግኩት በሰው ላይ ይነሳሉ። ሰጥቼሃለሁና ባለዕዳዬ ነህ የሚል ሰው ከሌባ ይብሳል። ያን ጠዋት ለነርሷ የላክሁት መልእክት ይኸው ነበር፦ ይህን ሁሉ ሰጥቼሽ! እሷ ግን ሁሉንም ሳትጠይቅ ነው የሰጠኋት።

ግማሾቹ ቀስ እያሉ ተመለሱ። መምህርቷ ቀድመው መጡ። «ልጄ፣ ቁጡ መሆንሽን እኔ ቀድሜ አውቄያለሁ» አሉኝ። ሌሎቹ አልተመለሱም፤ እንዲመለሱም አልለመንኩም። የማስመለስ ደንቡን አልቀየርኩትም። ያደረጉትን ጫማ የሚመልሱ ሴቶች አሁንም አሉ። በየጊዜው ቆሽቴ ያራል። ከዚያ እደውላለሁ። አብዛኞቹ ስጠይቃቸው ያፍሩና ይገዙታል። አንዳንዶቹ ይሰድቡኛል፣ እኔም እሰድባቸዋለሁ፣ ነገሩ ግን በሁለታችን ስልክ መሃል ይቀራል።

ባለፈው ሳምንት ሰሚት ከሚገኝ ኮንዶሚኒየም አንዲት ሴት ጻፈችልኝ። «ጫማ እፈልጋለሁ፣ ፎቶ ግን አልልክም። ያንቺን ታሪክ ሰምቻለሁ።» ስልኩን ግድግዳ ላይ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። ያን ያህል ጊዜ አልፎ! እንደገና አነበብኩትና «እኔ ልምጣ» ብዬ ጻፍኩ።

ታክሲው ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም። ረጅም፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ወጣት ሴት ከፈተችልኝ። ሳሎኗ ውስጥ ወረቀት ዘርግቼ ተንበረከክኩ። እግሯን ከካልሲው ለማውጣት ትንሽ ጊዜ ወሰደባት። ዙሪያውን በእርሳስ አሰመርኩ።

«ሌላ ሰው ያየዋል?» አለችኝ።

«ወረቀቱ እዚሁ ይቀራል። ላንቺ ነው።»

አርባ ሁለት ተኩል ወጣች። የምትፈልገው ጥቁር ዝቅ ያለ ጫማ እኔ ጋ አልነበረም። የት እንዳለ ግን አውቃለሁ፤ ጠዋት ባልደረባዬ ቻናል ላይ አይቼዋለሁ። አድራሻውን ነገርኳት። እዚያ መመለስ ስለሌለ ሳትከፍዪ በፊት በሁለቱም እግርሽ ቆመሽ ለኪው፣ ከሰዓት በኋላ እግር ሲያብጥ ሂጂ ብዬ መከርኳት።

«አንቺስ ምን ታገኛለሽ?» አለች፣ እየጠረጠረችኝ።

«ምንም» አልኳት።

አመነችኝም አላመነችኝም አላውቅም። ሽያጩን ለባልደረባዬ ሰጥቼ አራቱን ፎቅ ስወርድ ግን እየተናደድኩ ነበር።